ሰሌዳውን ሳናነብ አንሳፈር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌ በእግር ለሚጓዘው ለጥንቱ መንገደኛ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለዛሬውም ተሳፋሪ የሚስማማ መሆኑን የተረዳነው ግን በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በአንድ ዝናባማ ምሽት ነው። ነገሩ የደረሰው በገዛ ቤታችን ስለ ሆነ፥ ለሌላውም ቤት ትምህርት እንዲሆን ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

ጥንት አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ብቻቸውን አይወጡም ነበር። ጓድ እስኪያገኙ ይቆያሉ፤ ዘመድም እስከ ወንዙ ድረስ ይሸኛቸዋል። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ «አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ? ወዴት ትሄዳለህ?» መባባል ሰላምታ እንጂ ነገር ፍለጋ አልነበረም። ጠያቂው አያፍርም፤ ተጠያቂውም አይቀየምም። ዛሬ ግን ከማናውቀው ሰው ጋር፥ በማናውቀው መኪና፥ በጨለማ እየተጓዝን ስሙን መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

በስልክ የሚጠራው መኪና ክፉ ነገር ነው ማለታችን አይደለም፤ ይልቁንም ለቤተሰብ ትልቅ ዕረፍት ነው። በአዲስ አበባ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ራይድ፥ ከእርሱም ሌላ ፈረስና ያንጎ የሚባሉት፥ ሕዝቡ በየቀኑ የሚገለገልባቸው ሆነዋል። የመጀመሪያው ስም እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ብዙ ሰው የማንኛውንም ድርጅት መኪና «ራይድ» ብሎ ይጠራል። ቀድሞ በምሽት መንገድ ዳር ቆሞ በዋጋ ሲከራከር ቆይቶ ወደ አንዱ ታክሲ የሚገባው ሰው፥ በማን መኪና እንደ ተሳፈረ የሚመሰክርለት አልነበረም። አሁን ግን መኪናው ከመድረሱ በፊት የሹፌሩ ስምና የሰሌዳው ቁጥር በእጃችን ይገባል። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚጠብቀን ስናነበው ብቻ ነው።

ያን ዕለት ልጃችን ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ከሚገኘው መሥሪያ ቤትዋ የወጣችው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ነበር። ቤታችን ኮተቤ ነው። ዝናቡ እንደ ጅረት ይወርድ ነበርና መኪና ጠርታ በደጃፍ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጭ ቪትዝ መጥቶ ቆመና ሹፌሩ መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ «እኅቴ፥ ኮተቤ ነሽ አይደል? ቶሎ ግቢ፥ ዝናቡ በላሽ» አላት። በስልክዋ ላይ የተጻፈው ሰሌዳ ሌላ ነበር። «ያ መኪና ጋራዥ ገብቶ ነው፤ የወንድሜን ይዤ መጣሁ» ሲላት ገባች።

ብዙም ሳይሄዱ «ስልኩ ላይ ሰርዢውና በእጅ ክፈዪኝ፤ ዋጋውንም እቀንስልሻለሁ» አላት። ሰረዘችው። ወደ መገናኛ መውጣት ሲገባው ወደ ገርጂ ታጥፎ የጎሮን አቅጣጫ ያዘ። ብትጠይቀው «መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተናገረም፤ የስልኩ ጥሪ ሲጮኽም አላነሣም።

እኛ ቤት ስልኩ የተደወለው በዚህ ጊዜ ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባዬ፥ ጎሮ ልደርስ ነው፤ የመኪናው ሰሌዳ ይህ ነው፥ ጻፈው» ብላ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያም ሹፌሩን «ወንድሜ፥ አባቴ እዚህ ማደያ ይጠብቀኛል፤ አውርደኝ» አለችው። ሰውየው በመስተዋት አያት፤ ጥቂትም አልፎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ መብራቱ ደምቆ በሚታየው ማደያ በር ላይ አቆመ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። እኛም ከእግር እስከ ራስ ረጥበን እዚያ ስንደርስ፥ ከነዳጅ ቀጂዎቹ አጠገብ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አገኘናት።

ሰውየው ክፉ አስቦ ነበርን? ወይስ መንገዱ በእውነት ተዘግቶበት ነበር? እስከ ዛሬ አናውቅም፤ በማናውቀውም ሰው ላይ አንፈርድም። ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ብንደውል መዝገቡ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ልጃችን ራስዋ ጉዞውን እንደ ሰረዘችው ነው። ያን ምሽት አንድ ክፉ ነገር ቢደርስባት ኖሮ በዚያ መዝገብ ዘንድ ከመሥሪያ ቤትዋ ደጃፍ አልተንቀሳቀሰችም ማለት ነው።

ከዚህም ይልቅ ልባችንን የነካው ልጃችን የነገረችን ቃል ነው። «ቁጥሩ እንደማይገጥም አይቻለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ዝናብ ለእኔ ብሎ የመጣውን ሰው እንደ ሌባ መጠየቅ አፈርሁ» አለችን። ይህን እፍረት ያስተማርናት እኛ ነን። ሰውን አታስቀይሚ፥ ታላቅን አትመርምሪ እያልን አሳድገናት፥ ይሉኝታን ከጥንቃቄ የምትለይበትን ሳንነግራት ቀረን። በደሉ የእርስዋ ብቻ አልነበረም።

ነገሩን የወንድማችን ልጅ ሰማ። እርሱ በዚሁ ሥራ የሚተዳደር፥ በምሽት የሚነዳ ጐልማሳ ነው። «አንድ ሹፌር ተመርምሮ ከተመዘገበ በኋላ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሚያሠራበት ጊዜ አለ። ሰሌዳው ወይም ፊቱ አልገጥም ካለ ድርጅቱ የማያውቀው ሰው ነው ማለት ነው» አለን። ሰርዙ የሚሉትም ብዙዎቹ ድርጅቱ ከየጉዞው የሚወስደውን ድርሻ ለማስቀረት እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ ነገረን። «ለተሳፋሪው ግን ልዩነት የለውም፤ ከተሰረዘ ወዲያ የሚያየው የለም» አለ። ቀጥሎም ያላሰብነውን ተናገረ። «እኔም እፈራለሁ እኮ። በጨለማ ሁለት ሦስት ሆነው ገብተው ወደ ከተማ ዳር ውሰደን የሚሉኝን ማን እንደ ሆኑ አላውቅም። ሰሌዳዬን አንብባ፥ ስሜን ጠይቃ የምትገባ ተሳፋሪ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ እውነተኛ መንገደኛ መሆንዋን አውቃለሁና»። እኛ ስድብ ያደረግነው ጥያቄ ለካ ለሹፌሩም ሰላም ኖሯል።

የመኪናን ስሕተት ቀላል አድርጎ የሚያይ ቢኖር በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአሜሪካ የሆነውን ያስታውስ። በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጠራችው መኪና የመጣ መስሏት በሌሊት ወደ ሌላ ሰው መኪና ገባች፤ ተገድላም ተገኘች። የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት በሕፃናት መቆለፊያ ተዘግቶ እንደ ነበር ፖሊስ ገለጸ። በዚያው ዓመት ግዛቱ እንዲህ ያሉ መኪናዎች የሰሌዳ ቁጥራቸውን በፊት በኩል እንዲያሳዩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በዚያ አገር ያሉ ወገኖቻችንም አያሌዎቹ በዚሁ ሥራ ስለሚተዳደሩ፥ አያሌዎቹም ስለሚሳፈሩ፥ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ በቤታችን ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ሥርዓት እንናገር። አንደኛ፥ መኪናውን የምንጠብቀው ከግቢ ውስጥ ወይም ብርሃን ካለበት ሥፍራ ነው፤ ስልክን ይዞ በመንገድ ዳር መቆም ለነጣቂ መጋበዝ ነውና። ሁለተኛ፥ በሩን ከመክፈታችን በፊት ሰሌዳውን፥ የመኪናውን ዓይነትና የሹፌሩን ፊት እናስተያያለን። ስማችንን ቀድመን አንነግረውም፤ «ማንን ልትወስድ መጣህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። የማይገጥም ነገር ካለ፥ ዝናብም ቢሆን፥ «ይቅርታ፥ የእኔ አይደለም» ብለን እንመለሳለን።

ሦስተኛ፥ ከኋላ እንቀመጣለን፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈት መሆኑን እንፈትናለን፤ ቀበቶም ካለ እናስራለን። አራተኛ፥ ጉዞውን ለቤተሰብ የሚያሳየውን ምልክት እንልካለን፤ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ የያዘ ደግሞ ደውሎ፥ ሹፌሩ እየሰማ፥ ሰሌዳውን ያነባል። አምስተኛ፥ ከመድረሳችን በፊት አንሰርዝም፤ ሹፌሩ ቢለምነንም በትሕትና እንቢ እንላለን። ስድስተኛ፥ መንገዱ ያለ ምክንያት ሲለወጥ እንጠይቃለን፤ ልባችን ካልተረጋጋ ማደያ ወይም ሆቴል በር ላይ እንወርዳለን፤ ክፉ ሲመጣ ፖሊስን በ991 እንጠራለን።

ስለ አረጋውያን ወላጆቻችን አንድ ቃል እንጨምር። እናታችን ስልኩን ስለማያውቁት መኪናውን የምንጠራላቸው እኛ ነን። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ እስከ መኪናው በር ይሸኛቸዋል፤ ሰሌዳውን አንብቦ፥ ለሹፌሩ ሰላምታ ሰጥቶ፥ እስኪደርሱም ጉዞአቸውን በስልክ ይከታተላል። ጥንት እስከ ወንዙ ይደረግ የነበረው መሸኘት ዛሬ በዚህ መልክ ተመልሶልናል።

ወላጆች ሆይ፥ «ጠርጥር፥ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ቃል ሰውን ሁሉ በክፉ ዓይን እዩ ለማለት አልተነገረም። ገንፎውን እየበላን ስንጥሩን እንድንለቅም ነው። ልጆቻችንን ትሕትና ስናስተምር፥ «አይደለም፥ አልገባም» ማለትም ከትሕትና የማይቃረን መሆኑን አብረን እናስተምራቸው። ልጃችን አሁንም በዚያው ሰዓት ከሥራ ትወጣለች፤ አሁንም መኪና ትጠራለች። ከመግባትዋ በፊት ግን ስልካችን ይጮኻል፤ ቁጥሩንም ታነብልናለች። እኛም ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንጠብቃታለን። እግዚአብሔር የወጣውን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስ።