ጠጉሬን በገዛ እጄ

እኅቴ አንባቢ ሆይ፤ ጠጉርሽን በቤትሽ ራስሽ ለመቍረጥ ካሰብሽ፥ መቀሱን ከማንሣትሽ በፊት የእኔን ጉድ ስሚ። (ወንድሜም አትለፈው፤ ለእኅትህ ትነግራታለህ።)

ጠጉሬ ከጀርባዬ አጋማሽ ይደርስ ነበር። አንድ እሑድ ታጥቤ እንደ ተነሣሁ፥ እርጥቡን ለሁለት ከፍዬ በወረቀት መቀስ ትከሻዬ ላይ ቈረጥሁት። የወረቀት መቀስ ጠጉር ያኝካል እንጂ አይቈርጥም፤ ይህስ ይሁን። የባሰው፥ የተጠቀለለ ጠጉር ሲረጥብ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የእኔም ሲደርቅ ከጆሮዬ ሥር ወጥቶ ቁጭ አለ! ደረቁን፥ ጥቂት በጥቂት መቍረጥ ነበረብኝ። ጠጉር በወር የሚያድገው ከ1 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥምና፥ 30 ሳንቲሜትር ለመመለስ ከ2 ዓመት በላይ ነው።

ማታ እናቴ ገብታ አየችኝ። እርሷ ባደገችበት አገር ሴት ጠጉሯን የምትቈርጠው ለሐዘን ነውና፥ «ማን ሞተብን?» ብላ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ጀመረች። ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ ስትሠራው የኖረችው እርሷ ነበረችና፥ ማንም አለመሞቱን ብነግራትም ብዙ አልተጽናናችም።

መቀሱን ከእጄ ወስዳ፥ መስተዋት ያላሳየኝን ከማጅራቴ በኩል የተበላለጠውን አስተካከለች። ቃል አልተናገረችም። ከወለሉ የወደቀውን ግን አንዲት ሳታስቀር ለቅማ በመሐረብዋ ቋጠረችው።