ሽቅብ የሚወጣው ማሽን

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው አይ-70 አውራ ጎዳና ቬይል ፓስ የሚባለው ቦታ ሲደርስ ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጦጦ ጫፍ ጋር ይቀራረባል ማለት ይቻላል። ኮሎራዶ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ ሐበሾች ይህን ቦታ በደንብ ያውቁታል። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ የጎማ ሰንሰለት ሳይዙ በዚያ ማለፍ በሕግ ክልክል ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጣት እየደነዘዘ፣ መኪና ሥር ተንበርክኮ ሰንሰለት ማሰር ምን እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ አልፏል። መንገዱ ዳር ካለው መኪና ማቆሚያ ላይ ፒክአፖች በተጎታች ጭነው የሚያመጧቸውን ስኖውሞቢሎች ባየ ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «እኛ ከበረዶ ለመሸሽ እንከፍላለን፣ እነሱ ወደ በረዶ ለመግባት ይከፍላሉ።»

ባለፈው ክረምት ግን (ክረምት ስንል የእዚያውን፣ ጥርና የካቲትን ማለታችን ነው) ራሱ ከፍሎ ገባ። ያስገባው የጓደኛው ልጅ ነው። ልጁ ኦሮራ ተወልዶ ያደገ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ሾፌሩን «ጋሼ» ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ» ይለዋል። እዚያ ያደጉ ልጆች አማርኛ ላይ አንቱታ ቀድሞ ነው የሚጠፋው። አዲስ የተራራ ስኖውሞቢል በዱቤ ገዝቷል። እናቱ አታውቅም። ማሽኑ ያለው የጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ና። ከዚያ በኋላ በረዶን አትሰድብም።»

ለማያውቀው ሰው ስኖውሞቢል ማለት ፊት ለፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ እንደ ታንክ የሚሽከረከር የጎማ ቀበቶ ያለው ሞተር ነው። የተራራው ዓይነት ከሌላው የሚለየው በዚህ ቀበቶ ነው። የልጁ ማሽን ቀበቶ ዙሪያው ከ4 ሜትር በላይ ነው፤ ላዩ ላይ ያሉት የጎማ ጥርሶች ደግሞ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። ሞተሩ ቱ-ስትሮክ ነው፣ 850 ሲሲ፣ 165 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ ያለ ነዳጅ 200 ኪሎ ገደማ። አንድ ተራ የቤት መኪና ያለው ጉልበት፣ በአንድ ስድስተኛ ክብደት ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ሾፌሩ ይህን ሲሰማ የጠየቀው ጥያቄ የሾፌር ጥያቄ ነበር፦ «እዚህ ከፍታ ላይ ስንቱ ይቀራል?»

ጥያቄው ትክክል ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር ይታነቃል። አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሰው ሞጆ ሲወርድ ሞተሩ ለምን እንደሚፈካ ያውቃል። ቬይል ፓስ ላይ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፋብሪካዎቹ ለተራራ ስኖውሞቢል ተርቦ መግጠም የጀመሩት ለዚህ ነው። የልጁ ተርቦ አለው። ዋጋውን አልተናገረም፤ ሾፌሩም አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ሰዓት ውርደት ነበር።

ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ አውራ ጣት ነው፣ ፍሬኑ በግራ እጅ። ማርሽ የለውም። ይህ ቀላል ነው። ከባዱ መታጠፉ ነው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ወደ ግራ መሄድ ሲፈልጉ መሪውን ወደ ቀኝ ይሰብራሉ፣ ሰውነትን ወደ ግራ ይጥላሉ፣ ማሽኑ በጎኑ ሲጋደም ነዳጅ ይጨምራሉ። ሃያ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ይህን እሺ አይልም። ሦስት ጊዜ ወደቀ። አራተኛው ላይ የሚወድቅ መስሎት ነዳጁን ለቀቀ፤ እዚህ ላይ ነዳጅ መልቀቅ ማለት መስመጥ ነው። ማሽኑ እስከ መቀመጫው በረዶ ውስጥ ገባ። በአካፋ ግማሽ ሰዓት ቆፈሩ። በእዚያ ከፍታ ግማሽ ሰዓት መቆፈር ምን እንደሆነ ሳንባው ነገረው።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። የሌሊቱ በረዶ ያልተነካበት ሜዳ ላይ ቆሞ ሲነዳ ማሽኑ ከታች መሬት እንደሌለው ሁሉ ተንሳፈፈ። በረዶው ፊቱ ላይ ይበተናል፣ አይመታም። ልጁ «ፓውደር» የሚለውን ሾፌሩ በራሱ ቋንቋ ጠራው፦ «ይሄማ የተነፋ የጤፍ ዱቄት ነው!» አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አጥቶበታል። «በረዶ» ስንል የሚታየን ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው፤ «አመዳይ» ስንል ደግሞ ደጋ ላይ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው ስስ ነገር። ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ድምፅ የሌለው ዱቄት ለአባቶቻችን አልገጠማቸውም። ሾፌሩ ሳቀ። ልጁ ሲስቅ ያየው የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

ማሽኑን በተመለከተ ፍርዱ ግልጽ ነበር። ድንቅ ነው። የሚገርመውም ይህ ነው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ የሃምሳ ዓመት ጀማሪ ተዳፋት ላይ አግድም መሄድ ችሏል። በ1990ዎቹ ቀበቶዎቹ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ጥርሶቹም አጫጭር በነበሩበት ዘመን፣ ያንን ለመቻል ክረምቶች ይፈጅ ነበር። ችሎታ የሌለውን ሰው ተራራው ራሱ ታች ላይ ያስቀረው ነበር። አሁን የሚያስቀረው የለም። ማሽኑ ጀማሪውን ይዞ አስቸጋሪው ቦታ ድረስ ይወጣል፣ ጀማሪው ግን ስለ ቦታው የሚያውቀው ነገር ትናንት ከሚያውቀው አልጨመረም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰፊ ገላጣ ተዳፋት ሥር ደረሱ። እነልጁ ከሚወዷቸው ጨዋታዎች አንዱ እዚህ ቦታ ላይ ነው፦ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይዞ ሽቅብ መውጣት፣ ማሽኑ ሲደክም መዞርና መውረድ። ማን ከፍ ያለ አሻራ ትቶ መጣ፣ ነው ውድድሩ።

ልጁ ሞተሩን አስጮኸ። ሾፌሩ እጁን አነሳ።

«ጠዋት ስልክህ ላይ ያየኸው ቁጥር ስንት ነበር?»

ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶ ናዳ አደጋ በየቀኑ ይተነበያል። ደረጃው ከአንድ እስከ አምስት ነው። የዚያን ዕለት ሦስት ነበር። ሦስት ሲባል መካከለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን በናዳ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ቁጥር ቀን ነው። አራትና አምስት ሲሆን ሰው ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል። ሦስት ሲሆን ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው አዲስ ሆኖ ይጠራል። ናዳው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ለስኖውሞቢል የሚጥመውም ይኸው ተዳፋት ነው። ከሥር የላላ ንብርብር አለ፣ ከላይ የጠነከረ። የአንድ ማሽን ክብደት ሁለቱን ያላቅቃቸዋል፤ ሥሩ የቆመ ሰው ጭምር ሊያስነሳው ይችላል። የተቀበረ ሰው በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፣ የቆመ በረዶ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ካናዳ ውስጥ ሬቭልስቶክ አጠገብ፣ ለዚሁ የሽቅብ ጨዋታ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ናዳ ወርዶ ሁለት ሰው ሞቷል፣ ከሠላሳ ያላነሱ ተጎድተዋል።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ቢኮን አለን» አለ ልጁ። ቢኮን ደረት ላይ የሚታሰር፣ የተቀበረበትን ቦታ የሚጠቁም ትንሽ ራዲዮ ነው።

«ቢኮን አለን። አንተና ጓደኛህ አንድ ላይ ከወጣችሁ ማን ነው የሚቆፍረው? እኔ? አንድ ማሽን ለመቆፈር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ለእናትህ ምን ብዬ ነው የምነግራት? እሷ እኮ ማሽን እንዳለህም አታውቅም።»

ልጁ ተቆጣ። ለማሽኑ በየወሩ የሚከፍለው ለዚህ ተዳፋት እንጂ ለሜዳው አይደለም። እውነቱንም ነው፤ ማስታወቂያው የሚያሳየው ሜዳውን አይደለም። ጓደኛው ግን ሞተሩን አጠፋ። ልጁም ትንሽ ቆይቶ አጠፋ።

የዚህን ማሽን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስብ አይቀርም። ስኪ-ዱን ለዓለም ያስተዋወቀው የኩቤክ መካኒክ ጆሴፍ-አርማን ቦምባርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት ትንሽ ልጁን ያጣው መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ማድረስ ስላልቻለ ነው። በሦስት ዓመቱ የበረዶ መኪናውን ፓተንት አገኘ። በበረዶ ላይ ሰው ጭኖ የሚሄድ ነገር ያኔ የሐኪምና የፖስታ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ገበያው መዝናኛ ነው፣ እሱም እየጠበበ ነው፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2023 ከስኖውሞቢል ሥራ እንደሚወጣ አስታውቋል። የቀሩት ፋብሪካዎች የሚወዳደሩት ማን ከፍ ብሎ ይወጣል በሚል ነው።

ወደ ኦሮራ ሲመለሱ ብዙ አልተነጋገሩም። እቤት ሲደርሱ እናትየው ሽሮ አቅርባ «ፊታችሁን ምን አከሰለው?» አለች። ሾፌሩ ልጁን አየው። ልጁ እንጀራውን አየ። ከዚያ ሾፌሩ «እሱ ይንገርሽ» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ሲመለስ ልጁ ስልኩ ላይ የማሽኑን ፎቶ እያሳያት ነበር፤ እሷም መጀመሪያ የጠየቀችው ዋጋውን ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሾፌሩ ጭነት ይዞ በቬይል ፓስ አለፈ። ማቆሚያው ሞልቷል። ተጎታቾቹን እየቆጠረ ስልክ ደወለ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የት ነህ?»

«ቤት ነኝ። እማዬ ቁልፉን ወስዳብኛለች።»