ወናፉ እያናፋ

መከራ ላይ ላለ ሰው ቶሎ ከአፋችን የሚወጣ ቃል አለ፦ «አይዞህ፣ እሳቱ እያነጠረህ ነው።» ለቅሶ ቤትም፣ ሆስፒታልም ሰምቼዋለሁ። በቅንነት የሚነገር ነው፣ የቃል መሠረትም አለው። ብረት ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ የተረዳ ሰው ግን እንዲህ ቸኩሎ አይናገረውም።

ቀዩ የብረት ድንጋይ፣ ሄማታይት የሚባለው፣ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ሌላ ነገር የሆነበት ነው። ንጹሕ ሲሆን ከክብደቱ 70 በመቶው ብረት፣ 30 በመቶው ኦክስጅን ነው። ይህን ድንጋይ ለብቻው ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ብታቆዩት የጋለ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ሲበርድም ያው ድንጋይ ነው።

በአገራችን በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሰዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ብረትን ከድንጋይ ያወጡ ነበር። በዚህ ዓይነቱ የጥንት አሠራር ድንጋዩ ከከሰል ጋር እቶን ውስጥ ይገባል፣ በወናፍም ይናፋል። ከሰሉ ከሙቀት ሌላ ሥራ አለው። አየር ባነሰበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ወደ ድንጋዩ ገብቶ ኦክስጅኑን ከብረቱ ይወስዳል፣ ተሸክሞትም ይወጣል። ብረቱ የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። (እነዚህን ሙያተኞች ማኅበረሰቡ በሠሩት ማረሻ እያረሰ ማግለሉ ሌላ ቀን የምጽፍበት ሐዘን ነው።)

ኤርምያስ በምዕራፍ 6 ወናፉ እያናፋ አንጥረኛው በከንቱ እንደሚደክም ይናገራል። ምሳሌው የብር ማንጠር ነው፤ እሳቱ ነበረ፣ ክፉዎቹ ግን አልተለዩም። በአገልግሎት ዘመኔም ከአንድ ዓይነት መከራ አንዱ ለስልሶ፣ ሌላው መርሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጇን ቀብራ ልቧ የመረረን እህት «ከእሳቱ አልተማርሽም» ብሎ መውቀስ ጭካኔ ነው። እሳቱ የማይችለውን ነው የጠበቅንበት።

ዘዳግም 4፥20 ግብፅን የብረት እቶን ይላታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን እግዚአብሔር ሕዝቡን ከዚያ ወስዶ ማውጣቱ ነው። የባርነቱ ዘመን እስራኤልን ቅዱስ አላደረገም፤ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ጥጃ ሠርተዋል። እኛም የምንሰብከው የተጣበቀብንን ኃጢአት በራሱ ላይ የወሰደውን ኢየሱስን ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያንሳል፤ ከሰል ፈቃድ የለውም፣ እርሱ ግን ወድዶ ገባ።

ዛሬ እቶን ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ማታ ዳንኤል 3ን አንብቡ። ቁጥር 24 እና 25 ላይ ቆም በሉ፤ ንጉሡ እሳቱን ሰባት እጥፍ ያስነደደው ራሱ ነበር፣ ደንግጦ የተነሣው ግን አራተኛውን ሲያይ ነው።