ከሙግቱ በኋላ የሚቀረው

ለእውነት ስንሟገት ልባችንን የምንመረምር ስንቶቻችን ነን?

አብርሃም ካሎቪየስ (1612–1686 እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሉተራን ሥነ መለኮት መምህር ነበር። ጌኦርግ ካሊክስቱስ የተባለ ሌላ የሉተራን መምህር፣ የተከፋፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በጥንቱ የጋራ እምነት ላይ ቆመው እንዲቀራረቡ ሲጠይቅ፣ ካሎቪየስ እውነት ለሰላም ተሸጠች ብሎ ተነሣበት። ካሊክስቱስ በ1656 ከሞተም በኋላ ሙግቱን አላቆመም።

ይህ ኃይለኛ ተሟጋች ግን በቤቱ ኀዘንተኛ ነበር፤ አምስት ሚስቶቹን ቀብሯል። በእርጅናው ዘመን የሉተርን መጽሐፍ ቅዱስ ከማብራሪያ ጋር በሦስት ቅጽ አሳተመ። ከዓመታት በኋላ መጽሐፉ የሙዚቃ ሊቁ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እጅ ገባ። ባኽም በ2ኛ ዜና መዋዕል 5፥13 ኅዳግ ላይ፣ ከልብ በሚቀርብ ዜማ መካከል እግዚአብሔር በጸጋው እንደሚገኝ ጻፈ።

ወገኖች፣ ለእምነት መጋደል ታዘናል (ይሁዳ 3)። ነገር ግን ባኽ በዚያ ኅዳግ ላይ ያሰፈረው ሙግት ሳይሆን አምልኮ ነበር። እኛስ በትምህርት ተከራክረን፣ ሰላምታ የነፈግነው ወንድም የለንም? ዛሬ ስሙን ጠርተን እንጸልይለት፤ ነገም ቀድመን እንደውልለት።