ጎረቤትም ጠለፋ መድን ያስፈልገዋል

ሰሞኑን አሜሪካ ቤት የገዛች ዘመዴ፣ «ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት ዶሮዎች ባረባ የቤቱ ኢንሹራንስ ይሸፍነኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለስኩላት ብዙዎቻችሁን ስለሚጠቅም እዚህም ልጻፈው። እግረ መንገዴንም ካርቱም፣ ካላክላ ውስጥ ስኖር ያየሁትን አክልበታለሁ።

ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ዶሮዎቹ ቢሞቱ ወይም ቢሰረቁ ማን ይከፍላል? እንስሳው ሰው ቢጎዳ፣ የጎረቤት ንብረት ቢያወድምስ? ለጫጩት ማሞቂያ የተሰቀለው አምፖል እሳት አስነስቶ ቤቱን ቢያያይዝስ?

እዚያ አገር የተለመደው የቤት ውል ለመጀመሪያው አይከፍልም፤ እንስሳ ከሚሸፈነው ንብረት ውጭ ነው። ሁለተኛውን «ተጠያቂነት» የሚባለው ክፍል ሊይዘው ይችላል። እንቁላሉን መሸጥ ከጀመርሽ ግን «ይሄማ ንግድ ነው» ብለው አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ። ሦስተኛው የእሳት አደጋ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ዶሮ ማርባት መፍቀዱን አረጋግጪ፤ ከዚያ ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። የቃል «ችግር የለም» ካሳ ሲጠየቅ አይገኝም።

አሁን ወደ ካላክላ። ከካርቱም በስተደቡብ፣ ወደ ጀበል አውሊያ መውጫ ላይ ያለ፣ ነጭ ዓባይን ተጠግቶ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ሰፊ ሆሽ (ግቢ)፣ የጭቃ ወይም የጡብ አጥር፣ ጥግ ላይ ከቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራ የዶሮ ቤት፣ ቀን ቀን ሰፈሩን ስትዞር ውላ ማታ በሯን የምታንኳኳ ፍየል። የኢንሹራንስ ወረቀት አልነበረንም። ሱዳን ኢንሹራንስ አጥታ አይደለም። ዛሬ ተካፉል የሚባለው እስላማዊ ኢንሹራንስ የመጀመሪያ ኩባንያው የተቋቋመው እዚያው ካርቱም፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ግን የሰው ቤት ተከራይቶ ዶሮና ፍየል የሚያረባ ስደተኛ ማንም ቢሮ ጋ ደንበኛ ሆኖ አይቀርብም።

አንድ ቀን ፍየላችን ገመዷን በጥሳ ጎረቤት ገባች። ጎረቤታችን ሐጃ ለረመዳን ሒሉ ሙር የሚባለውን መጠጥ ሊሠሩበት ያበቀሉትን ማሽላ ምንጣፍ ላይ አስጥተውት ነበር። ስንደርስ ምንጣፉ ዳር ዳሩን ብቻ እህል ቀርቶታል፤ ፍየሏ መሀሉ ላይ ቆማ ታመነዥካለች። ያ ማሽላ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ ነው ለጾም መፍቻ የሚደርሰው። የቀናት ልፋት ነው የተበላው።

በእኛ አገር ሕግ ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2071፣ እንስሳው በድንገት አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። «ገመዱ ተበጥሶ ነው» ማለት አያድንም። ሐጃ ግን ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «መዓለሽ ልጄ፣ ፍየል ሕግ ታውቃለች እንዴ?» አሉና ሳቁ። እኛም ዝም አላልንም። ረመዳን እስኪገባ ድረስ የጠዋቱ ወተት ለሳቸው ሻይ ሄደ። አረቦንም ካሳም በአንድ ብርጭቆ ተከፈለ ማለት ነው።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን አሠራር አሳምሮ ያውቀዋል። የአንዱ በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ሲሰበር ታርዶ በመደብ ይከፋፈላል። ሥጋ ያላሰበውም አንድ መደብ አንስቶ ይከፍላል። ነገ የሱ በሬ ሊሰበር ይችላላ! ባለቤቱም በተሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ ወይፈን ይገዛል። እድር ለሰው የሚያደርገውን ቅርጫ ለበሬ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አንድ ቤት ብቻ ሲመታ ነው። ፈንግል ሲገባ የእኔን ዶሮ ፈጅቶ ያንተን አይተውም፤ የመንደሩን ቆጥ በአንድ ሳምንት ባዶ ያደርገዋል። ያኔ ማን ለማን ያዋጣል? በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ዓባይ ሞልቶ የሱዳን መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ፣ የጭቃ ግድግዳ የፈረሰበት ሰው መጠጊያ የሚለምነው የራሱም ግድግዳ የፈረሰበትን ጎረቤት ነበር።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ መጣ። ኢንሹራንስ የነበራቸውም ውላቸውን ገልጠው ቢያዩ ብዙ አይጠቀሙም፤ የተለመደ የንብረት ውል ጦርነትን አይሸፍንም። እኛ ደግሞ ዋስትናችን ፍየሏና ዶሮዎቹ ነበሩ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣሉ ብለን ነው ያረባናቸው። ክፉው ቀን ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ሻጭ ሆነ። ገዢ ሲገኝም የሚሰጠው ገንዘብ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባትና መተማ የሚያደርስ አልነበረም። በዶሮ የተጠራቀመ ጥሪት ለአንድ ቤት ችግር እንጂ ለከተማ ውድቀት አይሆንም።

ኩባንያዎቹ ይህን ችግር ከኛ ቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ እነሱም ራሳቸው ዋስትና ይገዛሉ፤ ጠለፋ መድን ይባላል። አንድ አካባቢ የደረሰ ከባድ አደጋ አንዱን ኩባንያ እንዳይጥለው ሸክሙን ሩቅ ላለ ሌላ ያካፍሉታል። አገራችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ጠለፋ መድን ኩባንያ አላት። ቦረና ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የከብት ኢንሹራንስም እንዲሁ ድርቅ ሁሉንም አንድ ላይ እንደሚመታ አውቆ የተሠራ ነው። የእያንዳንዱን ላም ሞት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልኬቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ክፍያ ይመጣል።

የስደት እድሮቻችን የጎደላቸው ይህ ሸክምን ከሩቅ ጋር መካፈል ይመስለኛል። አባሉም አንድ ከተማ፣ ሣጥኑም እዚያው ከተማ። ከተማው ሲወድቅ አባልና ሣጥን አብረው ይወድቃሉ። የጁባው እድር ከናይሮቢው፣ የናይሮቢው ከዱባዩ ጋር ቢዋዋል፣ እያንዳንዱም ከመዋጮው ጥቂቱን ለሌላው ክፉ ቀን ቢያስቀምጥ ምን ይከብዳል? ባሕሉ አለን፤ ሒሳብ ያዥም ሞልቶናል። እድር ውስጥ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አንድ አጀንዳ አስይዙት።