ተጠርጣሪና ሌባ አንድ አይደሉም

የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። የምንኖረው በጋምቤላ ክልል፣ በጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶ ከተማ ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ታጠናለች። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህሯ ሃያ ቃላት አጽፏቸው መጣች። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ሊያነቡ ስለሆነ ቃላቱን አስቀድመው እንዲይዙ ብሎ ነው።

«አባባ፣ አሊባይ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው አሊባባን ነው፤ ከአርባዎቹ ሌቦች ጋር» አልኳት። ስቃ ስቃ ሲወጣላት ቁጭ ብለን ዝርዝሩን ጀመርነው።

አንዳንዱ ቀላል ነበር። ክሉ ፍንጭ ነው፤ ዊትነስ ምስክር፤ ኤቪደንስ ማስረጃ፤ ሰስፔክት ተጠርጣሪ። ፕሎት የሚለው ላይ ስንደርስ ደስ አለኝ። በእኛም ቋንቋ የታሪክ ሴራ እንላለን፤ ክፉ ሰዎች ተደብቀው የሚዶልቱትም ሴራ ነው። እንግሊዞቹም ለሁለቱ አንዱን ቃል ይጠቀማሉ። ሴቲንግ የሚባለው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መቼት ነው። መቼ እና የት ተጋጥመው የተሠራ ቃል መሆኑን ስነግራት «በጣም ቀላል ነው!» ብላ በቀይ እስክሪፕቶ ከበበችው። ያ ክብ በኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

የቀሩትን ከመምህሯ ጠይቃ መጣች። ክሉ የሚለው ቃል ድሮ የክር ድውር ማለት ነበር። በግሪኮች ተረት ቴሴዎስ የተባለው ጀግና መውጫው ወደሚጠፋ ቤት ሲገባ ክር እየለቀቀ ሄዶ፣ ያንኑ ክር ተከትሎ ወጣ። አሊባይ ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ሌላ ቦታ ማለት ነው። ሰውየው ድርጊቱ ሲፈጸም ሌላ ቦታ ከነበረ እሱ አላደረገውም ማለት ነው። ሬድ ሄሪንግ በቁሙ በጭስ የደረቀ፣ ሽታው የሚከረፋ ቀይ ዓሣ ነው። ዊልያም ኮቤት የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1807 እንደጻፈው፣ እንዲህ ያለ ዓሣ መሬት ለመሬት ተጎትቶ አዳኝ ውሾች የጥንቸሏን ሽታ ስተዋል። ስለዚህ አንባቢን ሆን ተብሎ የሚያሳስት ነገር በዚህ ስም ይጠራል። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ታሪክ የተጀመረው ይህ የአጻጻፍ ስልት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸርሎክ ሆምስ ብቅ ካለ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል። እኔም በወጣትነቴ የማሞ ውድነህን የስለላ መጻሕፍት በኩራዝ ብርሃን አንብቤያለሁና ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ከደብተሩ ወጥቶ ቤቴ ገባ። ለደንብ ልብሷና ለጫማዋ ያስቀመጥኩት 2,400 ብር ከመሳቢያ ጠፋ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ የሚያግዘኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ። ከደቡብ ሱዳን ከእናቱ ጋር ተሰዶ መጥቶ እዚሁ ፑኝዶ ይኖራል። ካርቶን ያነሳልኛል፣ ውኃ ይቀዳልኛል፤ ሲጨርስ ከልጅ ልጄ ጋር ያጠናል። እንግሊዝኛው ከእሷ ይሻላል። ብሩ መጥፋቱን ያየሁት እሑድ ጠዋት ነበር። ሰኞ ልጁ ደብተር ሊዋስ ሲመጣ፣ ደንበኞች ቆመው ሳሉ «ከአንተ በቀር እዚህ ማን ገባ?» አልኩት።

ሌባ አላልኩትም። የቆመው ሰው ሁሉ ግን እንደዚያ ነው የሰማው። ልጁም እንደዚያው። አንድ ቃል ሳይመልስ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ማታ የልጅ ልጄ እራት አልበላም አለች። ቆይታ «አባባ፣ ብሩን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሱቁን ስዘጋ ቆጥሬዋለሁ።»

«እሱ የሄደው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ኳስ ጨዋታ ነበረው። ቁልፉስ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ።»

«እንግዲያው አሊባይ አለው» አለች። ከዚያ ተነስታ መሳቢያውን ከነአካሉ መዝዛ አወጣችው። ታች ያነጠፍኩት ጋዜጣ ርሶ ደርቆ ተጨማዷል። «ይኼ ደግሞ ክሉ ነው። ቅዳሜ ማታ ዘንቦ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ብሩን የት አደረጉት?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በር ኋላ የተሰቀለውን የዝናብ ልብሴን ውስጠኛ ኪስ ዳበስኩ። ብሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል።

ብሩ በመገኘቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ያፈርኩት ግን ይበልጣል። ልጁን የጠረጠርኩት በምን ማስረጃ ነው? ስደተኛ ነው፣ ይቸግረዋል፣ ስለዚህ ይወስዳል ብዬ ነው። ቀዩን ዓሣ መሬት ለመሬት የጎተትኩት እኔው ራሴ ነበርኩ።

እኔስ ማን ሆኜ ነው? በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ ጋምቤላ በሰፈራ ከመጡት ነኝ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን እህል ጎደለ ተብሎ አዲስ የመጣነው ልጆች ብቻ ተሰልፈን ተፈተሽን። ምንም አልተገኘብንም፤ ይቅርታ ያለን ሰው ግን አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን ያልረሳሁትን ነገር በሰው ልጅ ላይ ደገምኩት።

አያቶቻችንም ሌባ የሚፈልጉበት መንገድ ነበራቸው። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪለይ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። በሌባ ሻይ ደግሞ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዶ ይሆን? ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ግን ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ እንደ ሌባ ሻይ ፈረድኩ። ልዩነቱ መድኃኒት አለመጠጣቴ ብቻ ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጠኑ ለፈተና ብቻ ይመስለናል። ቃሉን በቤት ቋንቋ ስታስረዷቸው ግን ማሰቢያ ይሆናቸዋል። እኛ ቤት አሁን ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ የአያቷ የአኝዋክ ቋንቋ። አንዳንድ ማታ አንድ ዕቃ እንደብቅና መቼ፣ የት፣ ማን አየ እያልን እንፈልጋለን። ደንቡ አንድ ነው፤ ማስረጃ ሳይዝ የሰው ስም የጠራ ይሸነፋል።

ማክሰኞ ዕለት ከባለቤቴና ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ መቀመጫ ሰጡኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝ። አማርኛ አይሰሙምና ይቅርታዬን የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ ሆነ። እኔ ብዙ ተናገርኩ፤ እሱ በአጭሩ ነገራቸው። ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ፣ ያኔ ከነበሩት ደንበኞች ሁለቱ በተገኙበት፣ «ብሩን ያኖርኩት እኔው ነኝ፤ ልጁ ንጹሕ ነው» አልኩ።

ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ካርቶን ያነሳል፣ ያጠናል፣ ይስቃል። ከመሄዱ በፊት ግን ባንኮኒው አጠገብ ይቆምና መሳቢያውን እያየ «አባባ፣ ይቁጠሩት» ይለኛል። አያስፈልግም ብለውም እስክቆጥር ድረስ አይሄድም።