አንደኛ ክፍልን ማን ያስተምር?

መምህር የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። የመሰናዶ ውጤት ሲመጣ ሐሳቤ ፋርማሲ ነበር፤ ምደባው ግን ኬሚስትሪ ላይ፣ ከዚያም መምህርነት ላይ ጣለኝ። አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ ታሪካቸው እንዲሁ ነው። ይህን የማነሳው ለምሬት አይደለም፤ ሥራዬን ዛሬ እወደዋለሁ። ነገር ግን የወደድኩት ከገባሁበት በኋላ ነው። ያልወደዱት አንድም ለቀው ሄደዋል፣ አንድም ልባቸው ሌላ ቦታ ሆኖ ያስተምራሉ። አገር መምህሯን ሌላ ምርጫ ካጡት መካከል ስትመለምል ክፍል ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ከዚያው ይጀምራል።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. ነበር ትልልቆቹ ቴሌቪዥኖች በየክፍሉ ፊት ለፊት የተሰቀሉት። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይፈሳል፤ መምህራችን ከፍቶ ዳር ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ጊዜ ይሰጠናል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፤ ምክንያቱም መምህራችን ጠመኔ አንስቶ፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ ፊታችንን እያየ ያስረዳናል። እስካሁን ከማስታውሳቸው የፊዚክስ ትምህርቶች አብዛኞቹ መብራት በጠፋባቸው ቀናት የተማርኳቸው ናቸው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ማስተማር ስጀምር የተሰጠኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ዝም ሲሉ ቋንቋው ከብዷቸው ነው ብዬ በአማርኛ አጠር ያለ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ መስጠት ጀመርኩ። አንድ ቀን ኋላ ከሚቀመጡት አንዱን ማስታወሻውን ለክፍሉ እንዲያነብ ጠየቅኩት። ረጅም፣ ጨዋ፣ አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ «ን... ጥ... ረ...» እያለ መግፋት ያዘ። መስመሩን ሲጨርስ «ምን ይላል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ሊነሳ። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አልፎ የመጣ ነው፤ ካርዱ ንጹሕ ነው። ብቻውንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ እየተጠነቀቅኩ፣ አንዳንዱን ከክፍል ውጭ እየጠራሁ ሳስነብብ እንደ እሱ ያሉት ብዙ ሆኑብኝ።

ይህ የአንድ ከተማ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማንበብ ችሎታቸው ተለክቶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ዓመታት አለፉና የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ተፈተኑ። ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። የመጀመሪያው ውጤት በተሰማ ሰሞን አገር ሁሉ ደነገጠ፤ ፈተናው ከበደ፣ ልጆቹ ሰነፉ፣ ስልክ አበላሻቸው ተባለ። የ2014ቱ ተፈታኞች ግን ያ የንባብ ልኬታ ሲካሄድ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ሕፃናት ነበሩ። ውጤታቸው ያኔ በእጃችን ነበር፤ ያነበብነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ በቁጥር ባውቀውም በዓይኔ ያየሁት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። በመምህር ደመወዝ የግል ትምህርት ቤት የማይታሰብ ስለሆነ ከእኛ አጥር ማዶ ያለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ገባች። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሳኝ ፍርሃት ነበር። በዘጠነኛ ክፍል የማገኛቸው ልጆች ከዚያው አጥር ግቢ እንደሚመጡ አውቃለሁና። ሆኖም የደረሷት መምህርት ለጡረታ የተቃረቡ፣ ግቢው በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ነበሩ። ፈቃድ ጠይቄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማስተማራቸውን ማየት ጀመርኩ።

ሰባ የሚያህሉ ልጆች፣ አንድ ዴስክ ላይ አራትም አምስትም ሆነው ተቀምጠዋል። ከጎን ካለው ክፍል «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» የሚለው ዜማ ግድግዳውን ያናውጣል፤ ልጆቹ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ይዘምራሉ። በእትዬ ክፍል ግን ዜማ የለም። ከካርቶን የተቆራረጡ ፊደላት በትልቅ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱን ያወጡና «ይቺ ማናት?» ይላሉ። «በ»ን ያወቀ ልጅ «ቦ»ን ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ እንዲያመጣ ይልኩታል። ሲሳሳት አይቆጡም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቷን በጣቱ እንዲነካ ያደርጋሉ። ከዚያ «ቤት»፣ «በሬ»፣ «ቡና» ይመጣል። በየቀኑ የተወሰኑ ልጆች ተራ ወጥቶላቸው አጠገባቸው ቆመው ብቻቸውን ያነቡላቸዋል፤ የማን ተራ እንደሆነ በአሮጌ ደብተር ይመዘግባሉ። እንዲህ ሲያደርጉ በሳምንት ውስጥ ያልተደመጠ ልጅ አይኖርም።

ስለ ዜማው ስጠይቃቸው «ዜማ የሸመደደ ልጅ ዜማውን ነው የሚያውቀው፤ ፊደሉን አያውቀውም» አሉኝ። ይህን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ከወንድማቸው ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ወንድም ነበራቸው። የኔታ ልጁን ሀሁ ካስቆጠሩ በኋላ ወዲያው ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ተራው ይዘበራረቅበታል። በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል፣ ዓይኑን ፊደሉ ላይ ለመጣል ይገደዳል። ዘመናዊው ትምህርት ከየኔታ ዱላውን መተዉ ደግ አደረገ፤ አቡጊዳውን አብሮ መተዉ ግን ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም።

ልጄ የካቲት ላይ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበች አስቸገረችን።

በዚያው ዓመት ነው አንዲት ቀድሞ ያስተማርኳት ልጅ ቤቴ የመጣችው። ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነበር ያቋረጠችው። ከፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «ቲቸር፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለችኝ። ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበት የሥራ ውል ነው። ዓረብኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አማርኛውም አለበት። «አማርኛው እኮ አለ» ስላት ዓይኗን ሰበረች። አብረን ቁጭ ብለን በጣቴ እየመራሁ ማንበብ ጀመርን። ፊደሎቹን አታጣቸውም፤ መስመሩ መጨረሻ ስትደርስ ግን መጀመሪያው ጠፍቷታል። «ቀጣሪ» እና «ተቀጣሪ» የሚሉት ተደበላለቁባት። የምትሄደው ለአንድ ዓመት እንደሆነ ነበር የምታስበው፤ ወረቀቱ ሁለት ዓመት ይላል። ፊርማዋ ደግሞ ከታች አለ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን አዝዞ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስምንት ዓመት የተማረ ሰው ውሉን ያነባል፣ መብቱን ያውቃል፣ ቢበደል ይጽፋል ከሚል ነው። ሕግ አውጪው የስምንተኛ ክፍል ካርድን አመነ። ባንክ ያምነዋል፣ ቀጣሪ ያምነዋል፣ ወላጅ በሬውን ሸጦ ያምነዋል። እኛ መምህራን ማርክ ሞልተን፣ ሮስተር ሠርተን፣ ማኅተም አስመትተን የምንሰጠውን ወረቀት ማኅበረሰቡ ኑሮውን አስይዞ ይቀበለዋል። ያቺ ልጅ ካርዷን በሐቅ ነው ያገኘችው፤ ያልኮረጀች፣ ያልቀረች ልጅ ናት። ያልተሰጣት በካርዱ ላይ ተሰጥቷታል ተብሎ የተጻፈው ነገር ነው።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ማንበብ የተማረችው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ነበር፤ ኩራዝ ይዘው ማታ ማታ ከጎረቤቶቿ ጋር ይሄዱ እንደነበር ታወራለች። የዚያን ዘመን ክፉነት አልረሳሁም፤ በግድ የተነዳም ነበር፣ ተምሮ የረሳውም ብዙ ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ታነባለች፣ የእድር ደብተር ላይ ስሟን ትፈልጋለች፣ የመሬት ይዞታ ደብተራችን ላይ የወሰንተኛው ስም ተሳስቶ ሲጻፍ አይታ ያስተካከለችው እሷ ናት። ከእናቴ የተፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንድታነብ። ዛሬ አንደኛ ክፍል ከሚገባ ልጅ ብዙ ነገር ይፈለጋል፤ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ጥበብ። ማንበቡን ቆሞ የሚያረጋግጥለት ግን የለም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይጣል እንዲያልፍ የሚለው አሠራር በራሱ ክፉ አልነበረም፤ በየጊዜው እየመዘኑ የደከመውን እየደገፉ ማሳለፍ ነበር ዓላማው። መመዘኑና መደገፉ ቀረና ማለፉ ብቻ ተረፈ።

ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ያመጡትን ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ትምህርት ቤት ገጠር ድረስ ወረደ፤ እረኛ ሆነው ይቀሩ የነበሩ፣ በልጅነት ይዳሩ የነበሩ ልጆች ዴስክ ላይ ተቀመጡ። የእኔ ክፍል ግማሹ እነሱ ናቸው። እነዚህን ልጆች በሩ ድረስ አምጥቶ ከውስጥ ባዶ እጃቸውን መመለስ ነው የሚያመኝ።

ከእትዬ የተማርኩትን በአንድ ቃል ልናገረው ካልኩ፣ ጥራት የሚሠራው የሰባት ዓመት ልጅ አጠገብ ነው። የእኛ አሠራር ደግሞ ወደዚያ ልጅ በቀረብክ ቁጥር ያዋርድሃል። ደመወዝ በምስክር ወረቀት ደረጃ ስለሚከፈል የአንደኛ ክፍል መምህር ከእኔ ያነሰ ይከፈለዋል፤ የሚበዛው ተማሪ ግን የእሱ ነው። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርበት ክፍል ቀኑን ሙሉ እረፍት የለውም። በየትምህርት ቤቱ ድልድል ሲወጣ አንደኛ ክፍል የሚሰጠው ለአዲስ ተቀጣሪ ወይም «አስቸገረ» ለተባለ ሰው ነው፤ ጎበዙ ስምንተኛን ይይዛል፣ ምክንያቱም ስምንተኛ ክልላዊ ፈተና አለበት፣ ትምህርት ቤቱ የሚመዘነውም በዚያ ነው። እኔ ራሴ አንደኛ ክፍል ላስተምር ብዬ ጠይቄ መዋቅሩ አይፈቅድም ተብያለሁ። የኬሚስትሪ ዲግሪ ያለው ሰው እዚያ ቦታ የለውም።

ስለዚህ አሁን ከፈረቃዬ ውጭ ማንበብ ካልቻሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። የምናነበው የሁለተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ነው፤ ልጆቹ እንዳያፍሩ ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጬዋለሁ። የእትዬን ካርቶን ቀድቻለሁ፣ ተራ መመዝገቢያውንም። ይሻሻላሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሲገባው ቶሎ ይሮጣል። ግን የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይረዳሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከብት ያያሉ።

እትዬ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። በልጄ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባል ስለሆንኩ ነሐሴ ላይ የመምህራን ድልድል ከመውጣቱ በፊት ስብሰባ እንዲጠራ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። በእሳቸው ቦታ ከግቢው በማስተማር የተመሰገነው መምህር ይመደብ፣ ከሌላ ሥራም ነጻ ይሁን፤ ወላጆች ደግሞ በወር ከምናዋጣው ላይ ለእሱ የቤት ኪራይ መደጎሚያ እንቁረጥለት። ርዕሰ መምህሩ ስምንተኛ ክፍልን የሚያስተምረውን ሰው ወደ አንደኛ ማውረድ ውጤታችንን ይጥለዋል ብለው ሰግተዋል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከወላጆቹ የተወሰኑት አብረውኝ ናቸው፤ የቀሩትን በየቤታቸው እየዞርኩ እያነጋገርኩ ነው።